ላም ያልቀመሰችው አልፋልፋ

ለተከበሩ የወረዳችን የከተማ ግብርና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የስብሰባ ወንበርዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ከውቤ በረሃ ጀርባ ባለችው የአባቴ ግቢ አንዲት ላም እያረባሁ ለፒያሳ ኬክ ቤት ወተት ሳቀርብ የኖርኩት እኔ ሉልሰገድ እምሩ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ቡሬ ስለምትባለው ላሜ ነው።

አስቀድሜ ላመሰግንዎ። ፋጉሎና ድርቆሽ እጅ በሚያቃጥሉበት በዚህ ጊዜ በጓሮዬ ሦስት መደብ የአልፋልፋ መኖ አስዘርተው፣ አንዱን በዝናብና በፍግ፣ ሁለተኛውን በቧንቧ ጎማ ውኃና በፍግ፣ ሦስተኛውን በጠብታ መስኖና በዩሪያ አሳድገው፣ የትኛው እንደሚያተርፍ ሊያሳዩን በመነሣትዎ ውለታዎ አለብኝ። ቅሬታ አይበሉብኝ እንጂ ጥቂት ነጥቦች አሉኝ።

1. ባለሙያዎ ወይዘሪት ማራናታ ጠዋት ይህ ተክል ከአየር ወስዶ ማዳበሪያውን ራሱ እንደሚያዘጋጅ በሚገባ አስረዱን፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ዩሪያ ጨመሩለት። ከሰርግ ቤት ለወጣ ሰው ምሳ እንደማቅረብ ያለ ደግነት ነው።

2. የትርፍ ስሌቱ የውኃውን ዋጋ በቧንቧ ታሪፍ ያዘ። ቧንቧችን በፈረቃ ብቅ የሚል እንግዳ ስለሆነ ግን ውኃውን በጀሪካን እየገዛሁ በሸክም አስመጣሁ። ይህን ባነሣ ጊዜ የተገዛ ውኃ ከጥናቱ ወሰን ውጭ መሆኑ በአክብሮት ተነገረኝ፤ በዚህም መሠረት የእኔን ኪስ ያራቆተው ሦስተኛው መደብ በትርፋማነት አንደኛ ወጣ።

3. አልፋልፋ አበባ ማውጣት ሲጀምር መታጨድ እንዳለበት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አበባው ብቅ ብሎ ማጭዴን ባነሣሁበት ዕለት ግን ወይዘሪት ማራናታ ደውለው፣ ለመስክ ጉብኝት እንግዶች ስለሚመጡ አንድ ቅጠል እንዳይነካ አሳሰቡኝ። ላሚቱ የምትበላው እያለቀ ነው ብላቸው «ጋሼ፣ ላሚቱ እስከ ጉብኝቱ ትታገስ» አሉኝ። ጉብኝቱ በስብሰባ ተላለፈ፣ ቀጥሎ በበዓል፣ ቀጥሎ በእንግዶቹ ጉዞ። አልፋልፋው አብቦ አፈራ፣ የታች ቅጠሉ ረገፈ፣ አገዳውም እንጨት ሆነ። ቡሬ በአጥሩ በኩል እያየችው ከሳች፤ ድርቆሽ የምገዛበት ገንዘብ በጀሪካን አልቋል። ወተቷ ሲነጥፍ የኬክ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ሀኒፋ ሌላ አቅራቢ ያዙ፤ አልፈርድባቸውም፣ ማኪያቶ በአልፋልፋ አበባ አይሠራም። በመጨረሻ ቡሬን ለሱሉልታ ነጋዴ ሸጥኳት። መኪና ላይ ሲጭኗት ዞራ አየችኝና አለቀስኩ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የማቀርብበት መንገድ አላገኘሁም።

እንግዶቹ በዚያው ሳምንት መጡ። በአልፋልፋው መሐል ፎቶ ተነሡ፣ ለእኔም የሞዴል አርቢነት ሰርተፊኬት ተሰጠኝ። በንግግርዎ ምርቱ ያለ ብክነት ለውጤት መብቃቱን ሲያበስሩ እኔም አጨበጨብኩ፤ በእርግጥም አንድ ጉርሻ እንኳ አልጎደለበትም ነበር።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ አበልዎ እንዳይቋረጥ፣ ጉብኝትዎም ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወር ዘወትር የምጸልይ፣

ሰርተፊኬት ያለኝ፣ ላም የሌለኝ አርቢ
ሉልሰገድ እምሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሰፈራችን ፎቶ ቤት ሙሽሮችን በአልፋልፋው መሐል እያቆመ ሊያነሣ ጓሮዬን ተከራይቶኛል፤ ስለዚህ ትርፉ ተገኝቷል። ውጤቱን ለሌሎች አርቢዎች ሲያስተምሩ ታዲያ አደራዎን አንዲት ነገር አይዝለሉባቸው፤ አልፋልፋው የሚያተርፈው ላሚቱ ከተሸጠች በኋላ ነው።