ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ እናቴ ትሙቅ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የትራንስፖርትና ንብረት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ነፋሻማ፣ መስኮትዎም ወደ ጥላው የሚከፈት መሆኑን ባለፈው ስመጣ በዓይኔ ስላየሁ፣ ስለ ሙቀት የምጽፍልዎ ነገር እንግዳ እንዳይሆንብዎ እየሰጋሁ ነው። እኔ በክፍልዎ ሥር በሚተዳደረው ነጭ ሚኒባስ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የምትመላለስ አንዲት አሮጊት ልጅ ነኝ። እናቴን ደግፌ የማወጣትና የማወርዳት እኔ ስለሆንኩ፣ የሚኒባሱን ጠባይ ከወንድሞቼ ጠባይ ይልቅ አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሞተሩ ሙቀት እየጨመረ መኪናው ዳገት ላይ መቆም ከጀመረ ወዲህ፣ ክቡርነትዎ ሳይታክቱ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ኩላንት በሚባለው የሞተር ማቀዝቀዣ ላይ የሚጨመርና ሙቀት የሚቀንስ ፈሳሽ ለመምረጥ ያደረጉትን ጥረት ሕሙማኑ ሁሉ ከመንገድ ዳር ቆመው ተከታትለዋል። ለዚህም ምስጋናችን ወደር የለውም። ሆኖም ጥቂት ጥቃቅን ቅሬታዎች አሉኝና ጊዜዎን መሻማቴን ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ማራገቢያው። የመኪናው ኮፈን በተከፈተ ቁጥር፣ የማይከፈትበት ቀን ደግሞ የለም፣ ከራዲያተሩ ኋላ ያለው ማራገቢያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል። ሁለት ክንፉ ተሰብሯል፤ የቀረውም አይዞርም። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል፤ እናቴ እንኳ ያለ መነጽሯ አይታዋለች። መኪናው በቆመ ቁጥር “ደረስን፣ ደረስን” እያለ ስለሚያጽናናን ጋሽ ደረስን ብለን የምንጠራው ሾፌርም ደጋግሞ አመልክቶ ነበር። ያገኘው መልስ ግን ማራገቢያ መለዋወጫ በመሆኑ የሚፈቀደው ከበላይ አካል እንደሆነ፣ ፈሳሽ ግን አላቂ ዕቃ ስለሆነ በክቡርነትዎ ፊርማ ብቻ እንደሚገዛ የሚያስረዳ ነው። ስለዚህ ለመኪናው የሚያስፈልገው ሳይሆን ፊርማዎ የሚደርስበት ተገዛለት። እጅዎ አይንጠፍ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍትሐዊነትዎ። በጨረታው ሦስት ነጋዴዎች ቀርበው፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ፈሳሽ ይዘው፣ እያንዳንዳቸው ሞተሩን በረዶ እንደሚያደርጉት ምለው ተገዝተው ነበር አሉ። ኮሚቴውም ለአንዱ ብናደላ ሁለቱ ቅሬታ ያነሳሉ በሚል ቅን አስተሳሰብ ከሦስቱም እኩል ገዛ። እስከዚህ ድረስ እሺ ይሁን። ነገር ግን ሦስቱንም በአንድ ራዲያተር ውስጥ፣ በእኩል መጠን፣ በአንድ ቀን አስጨመረ! ባዶዎቹ ጠርሙሶች ከወንበራችን ሥር ሲንከባለሉ አንስቼ ባነብ፣ በሦስቱም ላይ ከሌላ ፈሳሽ ጋር እንዳይቀላቀል የሚል ማስጠንቀቂያ በትልልቁ ተጽፏል። በሳምንቱ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ጋሽ ደረስን የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት፣ ከውስጥ ለግድግዳ ልስን የተቦካ ጭቃ የመሰለ ነገር ወጣ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ መጥተው አይተው፣ ፈሳሹ መወፈሩ የጥራቱ ምልክት ሳይሆን አይቀርም ብለው ሄዱ።

ሦስተኛ፣ ስለ ማሞቂያው። የሞተሩን ሙቀት ለመቀነስ የተሳፋሪዎች ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ እንዲሄድ ያዘዙት ክቡርነትዎ ነዎት። ሙቀቱ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ሕሙማኑ ይግባ ማለት ነው። በዚህ ፀሐይ! የእጥበት ሕመምተኛ እንደ እኔና እንደ እርስዎ ሲጠማው ብድግ ብሎ አይጠጣም፤ የጠጣው ውሃ መውጫ ስለሌለው ሰውነቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ያፍነዋል። ሐኪሟ ለእናቴ የፈቀደላት ውሃ በትንሽ ብርጭቆ የሚለካ ነው፤ እሱንም ለመድኃኒቷ ትቆጥበዋለች። እና ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ጋሽ ደረስን ጀሪካን ሙሉ ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ሲገለብጥ በመስኮት ትመለከታለች። አንድ ቀን “ምነው እኔንም ራዲያተር ባደረገኝ!” አለች። መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አራተኛ፣ ስናረፍድ የእጥበት ማሽኑ ለተረኛው ይሰጣል። ወይ የእናቴ እጥበት በግማሽ ይቋረጣል፣ ወይ ጭራሽ ይቀራል። ከዚያ እግሯ ያብጣል፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ትራስ ደግፋ ቁጭ ብላ ታነጋለች። ይህን ልነግርዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ወንበር ሰጥተው፣ “ልጄ፣ የኩላንት ነገር ሳይንስ ነው፤ አሁን አራተኛ ፈሳሽ እያስጠናን ነው፤ ታገሺ” ብለው በአባትነት ወግ ሸኙኝ።

ክቡርነትዎ፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ ትንሽ ይረፍ። ደክሞኛል። ተናድጃለሁም። እጥበት ያቋረጠ ሕመምተኛ ሳምንታት እንኳ እንደማይቆይ ሆስፒታል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ማስረዳት የእኔ ፋንታ መሆን አልነበረበትም። እናቴ ሰሞኑን “ይበቃኛል፣ እዚያ መኪና ውስጥ ከምቀቀል ቤቴ ልቀመጥ” ማለት ጀምራለች። በሽታውን አይደለም የፈራችው፤ የእርስዎን ሚኒባስ ነው። ያን ሁሉ ዓመት መርፌውን ችላ፣ ምግቡን ችላ፣ ጥሙን ችላ የኖረች ሴት በማራገቢያ ምክንያት ተስፋ ትቁረጥ? እንዲያው በሞቴ፣ ይህ ይገባል?

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚዞር ማራገቢያና የታጠበ ራዲያተር። ደንቡ እንቢ ካለ ማራገቢያውን በአላቂ ዕቃነት ይመዝግቡልን፤ እናቴን ግን በዚያ መዝገብ አያስገቡብን። አራተኛውን ፈሳሽ በተመለከተ፣ ለጥናቱ ሲባል ኮሚቴው በሙሉ ማሞቂያው እንደተከፈተ አንድ ቀን አብሮን ቢጓዝ ደስታችን ነው። የመስኮቱን ወንበር ለክቡርነትዎ እንለቃለን። ውሃ ይዘው እንዳይመጡ ብቻ አደራ።

የሥራ ዘመንዎ የረዘመ፣ ስብሰባዎ የሰመረ፣ ግንባርዎም ላብ የማያውቀው እንዲሆን ከልቤ እየተመኘሁ፣ ለዳገቱ ሰዎች ለሚያሳዩት የማይነቃነቅ ትዕግሥት በድጋሚ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥና ዘወትር አርፋጅ፣
ከሾፌሩ ኋላ የምትቀመጠው አሮጊት ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ በክፍልዎ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበብኩ። ከትናንት በስቲያ ሚኒባሱ ዳገቱን ሳይቆም በመውጣቱ የተመረጡት ፈሳሾች ውጤት ማሳየታቸውን ገልጸው ኮሚቴውን አመስግነዋል። እንኳን ደስ አለዎ። ለመረጃ ያህል፣ ያን ዕለት ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ ግዙፉ ልብስ ሰፊና እሳቸውን ደግፋ የምትመጣው ባለቤታቸው አልነበሩም፤ ሰውየው በቃኝ ብለው እጥበቱን ትተዋል። መኪናው የቀለለው በዚህ ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናቴ ለብሳ ጨርሳ፣ ጋሽ ደረስን ጥሩምባ ሲያሰማ ከበሩ ተመልሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፤ ብለምናትም አልተነሣችም። እንግዲህ በሚቀጥለው ሳምንት ሞተርዎ ከዚህም ይበልጥ ይቀዘቅዛል።