ሐና አለች ብዬ ማልኩ

ዐደን፣ ሙዓላ
መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለካሳነሽ ወልደ ሚካኤል
ድሬዳዋ

ካሲዬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አክስትሽስ ወለተ ጊዮርጊስ ደኅና ናት ወይ? እኛ ማርያም ትመስገን ደኅና ነን። ሙቀቱ ብቻ ዘንድሮ መስከረም መሆኑን ረስቶ እንደ ሰኔ ይለበልበናል፤ መብራቱም እንደ ልማዱ ይሄዳል ይመጣል። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው ‹‹ልጄ ዶክተር ሆና ታየኛለች›› ይለኛል። እንግዲህ ሰባት ዓመት ጉልበቱን ታቅፎ ሊጠብቅሽ ነው።

የፈለግሽው የፍርድ ቤት ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። የጎረቤታችን የሳፊያ ወንድም ዐብደላ በጅቡቲ በኩል ስለሚመጣ በእጅሽ ያስረክብሻል። አማርኛው ትርጉም ከኋላው ተያይዟል፤ ማኅተሙን እኔ ራሴ ቆጥሬ ነው የተቀበልኩት፣ ሦስት ነው። ከጥቅምት አምስት በፊት ለመዝጋቢዋ ስጫት። ቀኑ ካለፈ ቦታሽን ለተጠባባቂ እንደሚሰጡት ነግረሽኛል። ከውጭ ተምረው ለመጡ ልጆች አሥራ ሁለት ወንበር ብቻ ባለበት ሕክምና ዘጠነኛ ሆነሽ አልፈሽ፣ በስም ምክንያት ልትቀሪ? አፈር ስሆን አትቀሪም።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። ያን ቀን በስልክ ‹‹እማዬ፣ በትምህርት ቤት ሸሃዳዬ ላይ ሐና ይላል፣ በቀበሌ መታወቂያዬ ካሳነሽ፣ የልደት ቀኔም ሁለት ሆነ አሉኝ። ይቺ ሐና ማናት?›› አልሽኝ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ ብለሽ ለአባትሽ ነግረሽዋል። አልተቆረጠም። የዘጋሁት እኔ ነኝ። በስልክ የማይወጣኝ ነገር ስለሆነ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ በጽሑፍ ሲሆን ቢያንስ ድምፄን አትሰሚም።

ሐና እህትሽ ናት። ሕፃን ሞታብኛለች እያልኩሽ፣ ስሟን ግን አንድም ቀን ያልነገርኩሽ። ሐና የትምህርት ቤት ስምሽ ነው፣ አረቦቹ ካሳነሽ ማለት ስለሚያቅታቸው ነው ያልኩሽ ውሸት ነው።

ሐምሌ 1986 ነበር። ሰሜንና ደቡቡ እርስ በርስ ሲዋጉ ከተማችን ተከባ ውሃው ተቋረጠ። አባትሽ በመርከብ ሥራ ጅቡቲ ሄዶ ወደቡ ሲዘጋ እዚያው ቀርቷል። ሐና የአሥራ ስምንት ወር ልጅ ናት፤ ወንበር ይዛ ትቆማለች፣ እኔን ደብሪቱ ብላ በስሜ ትጠራኛለች፣ ሳፊያን ሰምታ። ተቅማጥ ያዛትና ሦስት ቀን ቆየች። ሳፊያ ለራሷ ልጆች የደበቀችውን ውሃ እያካፈለች ታመጣልኝ ነበር። ስታርፍም በዚያው በመጠጥ ውሃ አጥባ የገነዘችልኝ እሷ ናት። ዐብደላ ከሁለት ሐበሾች ጋር ሆኖ ሙዓላ ከተራራው ሥር፣ ከክርስቲያኖቹ መቃብር ቀበራት።

የሞት ወረቀት አላወጣሁላትም። ያኔ ቢሮው ሁሉ ዝግ ነው። ሲከፈትስ? አባትሽ ‹‹ደብሬ፣ ሂጂና አስመዝግቢ›› ቢለኝ ቢለኝ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመታት አለፉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አልፈለግሁም። ማኅተም ያልተመታበት ሞት ገና ያላለቀ ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ነኝ፣ ዐውቃለሁ።

በዓመቱ ግንቦት ላይ አንቺ መጣሽ። እዚሁ ቤት፣ በሳፊያ እጅ ነው የተወለድሽው። እግዜር ካሰኝ ብዬ ካሳነሽ አልኩሽ። የአባትሽ ኢቃማ ከሠራበት ቢሮ ጋር በጦርነቱ ተቃጥሎ ስለነበር፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የልደት ወረቀት አንሰጥም አሉን። ስድስት ዓመት ሲሞላሽ ትምህርት ቤት ወሰድኩሽ። ጸሐፊው፣ እኛ የድሮ ዐደኖች ከራኒ የምንለው፣ ያለ ልደት ወረቀት አልመዘግብም ብሎ መለሰን። መንገዱን ሙሉ ቦርሳዬን ካልያዝኩ ብለሽ አለቀስሽ። ቤት ገባሁና የቆርቆሮ ሣጥኑን ከፍቼ የሐናን የልደት ወረቀት አወጣሁ።

በማግስቱ ከራኒው ወረቀቱን አየ፣ አንቺን አየ። ‹‹ስምንት ዓመቷ ነው ይላል፤ ይህቺ ግን አይጥ ታክላለች›› አለኝ። ‹‹ሐበሻ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው›› አልኩት። ሳቀና ጻፈሽ። አባትሽን እንዳትቀየሚው፣ የሰማው ማታ ከሥራ ሲመጣ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለወረቀት ብቻ ነው፣ ልጄ ትማር እንጂ አልኩ።

ለወረቀት ብቻ ሆኖ ግን አልቀረም። ሞት ይርሳኝ፣ የዩኒፎርምሽ ነገር ትዝ ይልሻል? ሁልጊዜ ረዝሞ እግርሽ ላይ ይጎተት ነበር። ‹‹እማዬ፣ የሰው ልጅ ሁሉ በልኩ ሲለብስ እኔ ለምን?›› ብለሽ ታኮርፊ ነበር። ታድጊበታለሽ እልሽ ነበር። ልክሽን ሳላውቅ ቀርቼ አልነበረም፤ እጄ ጨርቁን ሲቆርጥ ሁለት ዓመት የምትበልጥሽን ልጅ ይለካ ነበር። ሸሃዳሽ በመጣ ቁጥር አባትሽ ‹‹ሐና ወልደ ሚካኤል፣ አንደኛ›› ብሎ ሲያነብልሽ፣ አንቺን አቅፌ በሆዴ ሐና ሦስተኛ ክፍል ገባች እል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት እንደዚህ ኖርኩ። አንቺ እያጠናሽ እሷ እያለፈች።

እና አሁን አንድ ስም ይሁን አላችሁኝ። መሕከማ ስንሄድ መጀመሪያ እውነቱን ልናገር ነበር፣ በማርያም። በፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለውን ማመልከቻ ጸሐፊ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኩት። ልጅቱ በጦርነቱ ሞታ ከሆነ፣ በስሟ የተማረችው ማናት? አለኝ። የሞተ ሰው ሸሃዳ ዋጋ የለውም፣ ማስተካከልም ቢባል ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጃል አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኛው ሲጠራ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋትሽን ይዞ ሊሄድ ነው። አባትሽ ‹‹አንድ ሰው ናቸው ብለን እንማል፣ በቃ›› አለ። እሺ አልኩ።

ሁለት ምስክር ያስፈልጋል ተባለ። ሳፊያና ዐብደላ ሳያንገራግሩ መጡ፤ ወረቀት ለማስተካከል ብቻ መስሏቸዋል። ቃዲው ‹‹ይህቺ ሴት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ እንደወለደች፣ ሐናና ካሳነሽም አንድ ሰው እንደሆኑ በቁርኣኑ ማሉ›› አለ። ሳፊያ እጇን ከዘረጋች በኋላ መልሳ ሰበሰበችው። ወደ እኔ ዞራ፣ ‹‹ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይቅር በዪኝ። በእጄ ያጠብኳትን ልጅ በአፌ አልነበረችም አልልም›› አለችኝ። ዐብደላም እህቱን አየና ወደ ኋላ አለ። አባትሽ በመንገድ ላይ ሲሰድባት እኔ አልተባበርኩትም። በዚህ ምድር ላይ ከእኔ ሌላ የሐናን መጨረሻ ያየች ሰው እሷ ብቻ ናት፣ እንዴት አድርጌ ልቀየማት?

በሦስተኛው ቀን አባትሽ ከወደብ ሁለት ሰዎች ይዞ መጣ። ስማቸውን እንኳ በወጉ አላውቅም። አንቺንም እሷንም አይተዋችሁ አያውቁም፤ ማሉ፣ ፈረሙ። ከዚያ ቃዲው ለእኔ ወንጌል አስመጣልኝና ጠየቀኝ።

‹‹ልጅሽ ሐና በሕይወት አለች?››

‹‹አለች፣ ጌታዬ።››

‹‹የት ናት?››

‹‹ድሬዳዋ። ሐኪም ልትሆን ነው።››

ላንቺ ብዬ ነው የማልኩት፣ ይህን አትጠራጠሪ። በዚያች ደቂቃ ግን አንቺ ትዝ አላልሽኝም። ከፊቴ ያየሁት እሷን ነው፤ ሃያ ዓመት ሞልቷት፣ ነጭ ካፖርት ለብሳ፣ የእኔን ቅንድብ ይዛ። ደስ አለኝ፣ ካሲ። ከሐምሌ ሰማንያ ስድስት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መሐላው በሐሰት መሆኑን ለአባ እናዘዛለሁ፤ ደስታዬን ግን እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። አንቺ ይቅር በይኝ።

አሁን ያልተጻፈ የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ይህንንም አባትሽ እንዳያውቅ።

ወረቀቱ በወጣ ማግስት አባትሽ ሲሚንቶ በባልዲ ይዞ ወጣ። ግድግዳ ሊያቃና መስሎኝ ነበር። ሲመለስ እጁ ነጭ ሆኗል። ምን ሠራህ ብለው፣ ‹‹ከመቃብሩ ላይ ስሙን ደፈንኩት›› አለኝ። አበድክ ወይ ብዬ ልጮህበት ስል ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። ‹‹ከዛሬ ጀምሮ ሐና ማለት ልጄ ናት። ቁማ እየሄደች ስሟ መቃብር ላይ ተጽፎ አይቀመጥም›› አለኝ። ላንቺ ፈርቶ ነው። አባት ነው።

ከትናንት ወዲያ የማርያም ዕለት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ብቻዬን ሄድኩ። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ይመስላል። በፊት በሄድኩ ቁጥር ሐናዬ መጣሁልሽ እል ነበር። ያን ዕለት አፌን ስከፍት ስሙ ጠፋኝ። ሐና እንዳልል፣ እሷ ድሬዳዋ ናት ብዬ ምያለሁ፤ ሌላው ቢቀር ወንጌል አለ። ስም የሌለው ድንጋይ ፊት ቆሜ፣ ልጄን ምን ብዬ ልጥራት? ከዚያ ሳላስበው፣ አፌን በቆረጠው፣ ‹‹ካሳነሽ›› ብዬ ጠራሁ።

ሮጬ ነው የወጣሁት፣ ነጠላዬ አጥሩ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ሟርት ነው፣ የአሮጊት ነገር ነው ትይኝ ይሆናል፤ ተምረሻል፣ በይ። እኔ ግን ለሞተችው ልጄ የቁሟን ስም ሰጥቼ መጥቻለሁ፤ ይህን ማንም ከላዬ አያነሳልኝም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። ወረቀቱን ስጫቸው። ሐና ሲሉሽ አቤት በይ፣ ፈርሚ፣ ተማሪ፣ ዶክተር ሐና ይበሉሽ። ቦታው በላብሽ የመጣ ነው፣ ለማንም አትተዪው። ብቻ ያን ቀን ተመዝግበሽ ስትወጪ አክስትሽ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅሽ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብላ፣ ሦስት ጊዜ ካሳነሽ ብላ ትጥራሽ። አንቺም ሦስቱንም ጊዜ አቤት በይ። አፍረሽ በሹክሹክታ እንዳትመልሺ፤ ባሕሩን ተሻግሮ እዚህ እስኪሰማ መልሺ፣ ልጄ። ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ።

ካሳነሽ ብላ የወለደችሽ እናትሽ
ደብሪቱ