የፍሪጃችን በር

አስኩዬ፣ የቤቴ አዛዥ፤

ከተለየሽኝ ወዲህ ይኸው ሦስተኛው የማንጎ ወቅት ደረሰ። አንቺ የሌለሽበትን ዓመት መቁጠር አልወድም፤ የግቢያችን ማንጎ ግን ሳልጠይቀው ይቆጥርልኛል። ዘንድሮም እንደ ልማዱ ግማሹን ለእኛ፣ ግማሹን በአጥሩ ላይ አዘንብሎ ለጎረቤታችን ለዘነበች አፈራ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ፣ የሚያወጣውን ዳገት ጠልቷል። ሲቀላ ያለችው ሱቄም አለች፣ ራዲዮ የሚያሠራ ሰው ግን ጠፋ። ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ ስልክ መጠገን ጀምሬያለሁ። መፍታቱን ችያለሁ፤ መግጠሙን ገና እየተማርኩ ነው።

ፍሪጃችንም አለች። ከሁለት የሞቱ ፍሪጆች አንድ ሕያው አወጣለሁ ብዬ የተነሳሁ ጊዜ ሦስተኛ ሬሳ እንዳላመጣብሽ አስጠንቅቀሽኝ ነበር። አካሏ ነጭ፣ በሯ ሰማያዊ ሆና መብረድ ስትጀምር ግን ግቢ ለግቢ ዞረሽ ባሌ ሳይማር መሐንዲስ ሆነ እያልሽ ያወራሽው አንቺው ነሽ። ከዚያ በኋላ የእኛ ብቻ መሆኗ ቀረ። የዘነበች የጫሞ ሐይቅ ዓሣ፣ የጎረቤት ቅቤ፣ የሰርግ ሥጋ ሳይቀር እሷው ዘንድ ያድር ጀመር።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ እሷ በር ነው።

ሃምሳን ያለፍሽ ሰሞን ቀን በቀን ፊትሽ እየቀላ፣ አንገትሽ ላብ እያጠመቀው ትነጂ ጀመር። የአርባ ምንጭ ሰው ሙቀትን ሁሉ በፀሐይ ያሳብባል፤ እኛም ያንኑ አደረግን። ዝናብ ጥሎ ሁላችን ጋቢ ስንደርብ አንቺ ግን ፍሪጁን ከፍተሽ ጭንቅላትሽን ከዘነበች ዓሣ ጎን ታስገቢ ነበር። እኔ ደግሞ ከሥራ ጠረጴዛዬ ሳልነሳ ሞተሩ ይቃጠላል ብዬ እጮሃለሁ። አንድ ቀን ከዚያው ከውስጥ ሆነሽ፣

«እኔ ስቃጠል ዝም ብለህ ለሞተር ትጮሃለህ?» አልሽኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የፀሐይ እንዳልሆነ የገባኝ። እንቅልፍም አጥተሽ ነበር። ከሁሉ የባሰብሽ ግን የተማሪዎችሽን ስም መርሳትሽ ነው። ከትውልድ አገርሽ ከገረሴ ወርደሽ ማስተማር ከጀመርሽበት ቀን አንስቶ ክፍልሽ የገባ ልጅ ሁሉ በሳምንቱ በስሙ ይጠራ ነበር። አሁን በጣትሽ እየጠቆምሽ «አንተ፣ አንቺ» ስትዪ ልጆቹ እንደሚተያዩ ነገርሽኝ። ከዚህ በኋላ ከክፍል ልውጣ መሰለኝ አልሽ። ይህን ስትዪ አላለቀስሽም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

ሆስፒታል ሄድን፤ ሐኪሟ ማረጥ መሆኑን አስረዳችን። የጎደለውን ሆርሞን፣ ኤስትሮጅንን፣ በመድኃኒት መተካት እንደሚቻል፣ ግን ማህፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን እንደማይሰጥ፣ የማህፀኗን ግድግዳ ከመጠን በላይ እንዳያወፍር ፕሮጄስትሮን የሚባል ጠባቂ አብሮት መሄድ እንዳለበት ነገረችን። እንደ ፍሪጅ ስታቢላይዘር ነዋ ብዬ ጠየቅኩ። ከልቧ ስቃ እንደዚያ ይያዙት አለችኝ። አንቺ ግን እግሬን በጫማሽ ረገጥሽኝ።

ሙቀቱ ረገበ። የሚዋጠው ፕሮጄስትሮን ግን አናትሽ ላይ ወጣ። ጠዋት ጠመኔ እንደያዝሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ታንቀላፊያለሽ። አንድ እሑድ እኔን እየተቆጣሽ መሀል ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ። በትዳራችን ቁጣሽን ሳትጨርሺ ስትተዪ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅር አለኝ።

ተመልሰን ሄድን። ሐኪሟ አንዳንድ ሴት የሚዋጠው እንደማይስማማት፣ በብልት በኩል የሚገባ ፕሮጄስትሮን እንዳለ፣ ወደ ማህፀን ቅርብ ስለሆነ ድንዛዜው እንደሚቀንስ አስረዳችሽ። ደም ካየሽ ቶሎ ነይ ብላም አጥብቃ ነገረችሽ። ስንወጣ እስከ መናኸሪያው ድረስ ከእኔ ሦስት እርምጃ ቀድመሽ ነበር የምትሄጂው፤ እንዲህ ያለ ነገር እኔ ባለሁበት መነገሩ አሳፍሮሽ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እውነትም ጠብ ጠብ የሚል ደም መጣብሽ። ከእንግዲህ ቀን ሳልቆጥር ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ ብለሽ ደስ ባለሽ ማግስት እንደገና ውጭ፣ ዛፉ ሥር መቆሙ እንዴት አናዶሽ ነበር። ሐኪሟ መርምራ መጠኑን ስታስተካክል ደሙ ቆመ። እንቅልፍሽም ስሞቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ።

መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም። በእኛ ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ሻማ እንኳ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ ከፍሪጁ በር መደርደሪያ ላይ አኖርሽው። አንድ ቀን ዘነበች ዓሣዋን ልትወስድ መጥታ ካርቶኑን አየች። የመጨረሻ ልጇን ስታረግዝ ጽንሱ እንዳይወርድባት ይህንኑ መድኃኒት፣ በዚያው መንገድ ታዞላት ነበር። አንቺም ያረገዝሽ መስሏት ዓሣዋን ረስታ ወጣች።

በማግስቱ ከባድ አታንሺ ብላ የውሃ ጄሪካኑን ከእጅሽ ነጠቀችሽ። ከሰዓት አንዷ ጎረቤት የተቀቀለ ሽፈራው፣ ሌላዋ አጥሚት ይዛ መጣች። ወሬው ዳገቱን ወጥቶ ገረሴ ደረሰና አክስትሽ በአውቶቡስ ቅቤ ላከች፤ ለሚመጣው እንግዳ ብላ። እኔና አንቺ ልጅ ሳንወልድ ኖረናል። ያን ጉዳይ ካነሳነው ብዙ ዓመት ሆኖን ነበር። በሰው ሐዘን ቤት እንኳ ቀልድ የማላጣው እኔ ያን ቀን አንድም አልመጣልኝም። አንቺ ቅቤውን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ብዙ ከተቀመጥሽ በኋላ፣ መድኃኒቱን እጥለዋለሁ፣ ከሙቀቱ ሐሜቱ ይከፋል አልሽ። ጠባቂው ከተጣለ ኤስትሮጅኑም ይቀራል፤ ከዚያ ክፍልሽም። ተነስተሽ ፍሪጁን ከፈትሽ። ካርቶኑን ይዘሽ በሩ ላይ ቆምሽ፣ ቆምሽ። ሞተሩ እየጮኸ ነበር፤ እኔ አልጮህኩም። ከዚያ መልሰሽ አስቀመጥሽው። ምን እንዳሰብሽ ጠይቄሽ አላውቅም።

በሳምንቱ የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። እኔ በመስኮቱ በኩል ራዲዮ የምጠግን መስዬ ጆሮዬን ጣልኩ። ዳቦው ሳይቆረስ ተነሳሽ።

«እርጉዝ አይደለሁም» አልሽ። «አርጫለሁ። መድኃኒቱን የምወስደው ተኝቼ እንዳድርና ልጆቼን በስማቸው እንድጠራ ነው።»

ዘነበች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በመጨረሻ በዕድሜ ትልቋ ሴትዮ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ለመሆኑ ሙቀቱ ይለቃል?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀሽ ቅቤውን ግን ማንም እንዳይጠይቀኝ አልሽ። አስኩዬ፣ ቀልደኛው እኔ ነኝ ብዬ ኖሬ ያን ቀን ተሸነፍኩ። ከዚያ በኋላ የማይጠይቅሽ ሴት አልነበረም። አንቺም ለሁሉም አንድ መልስ ነበረሽ፤ ለእኔ የሆነ ለአንቺ ላይሆን ይችላል፣ ሄደሽ ተመርመሪ።

መድኃኒቱን ሐኪሟ ካስተወችሽ በኋላ እንኳ እስከ ጡረታሽ ድረስ አንድ ስም አልሳትሽም። ወባ ስትወስድሽም፣ ሊጠይቁሽ የመጡትን የድሮ ተማሪዎችሽን በትኩሳት መሀል አንድ በአንድ እየጠራሽ ነበር።

አሁን ተራው የዘነበች ሆኗል። ባለፈው ሳምንት መጥታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ጋሼ የባለቤትዎ መደርደሪያ ባዶ ነው ወይ አለችኝ። ባዶ ነው፣ ለማንም አልሰጠሁትም አልኳት። ካርቶኗን እዚያው አስቀመጠች።

ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ፍሪጁን ከፍታ ጭንቅላቷን አስገብታ ቆመች። ሞተሩ ይቃጠላል ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። የፈለገችውን ያህል ቆመች፤ እኔም ያን ሰማያዊ በር እያየሁ ከአንቺ ጋር ቆየሁ።

አልረሳሽም፣ አስኩዬ። ሞተሩ ቢቃጠል እጠግነዋለሁ፤ በሩ ግን ይከፈት።

ያንቺው ራዲዮ ጠጋኝ