የዘመመው ኮት

ይድረስ ለኮቱ ባለቤት፣

እንዴት ከርመሃል? እናትህስ፣ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? ብርድ ሲመጣ የሚያስነጥስህ ነገርስ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ የምልህ ግን ቆሜ ነው። ከትናንት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ ካውያው መነቀሉን አያለሁ፣ ተመልሼ እጽፋለሁ። ወሬዬ እዚህም እዚያም ቢረግጥ እንደ ድሮው ቻለኝ።

እህትህ መጥታ ነበር። ኮቱን እስከ ቅዳሜ ላኪልኝ ብሎሻል አለችኝ። ለምን እንደፈለግኸው አልጠየቅኋትም፤ እሷም ስትነግረኝ ዓይኗን ከስፌት መኪናዬ ላይ አላነሳችም። እሺ አልኳት። እሺ ካልኩ በኋላ ምን ባደርግበት ጥሩ ነው? ይዤው ለሥራ ፈተና ሄድኩ።

አትቆጣ፣ ልንገርህ። አንድ የልብስ ፋብሪካ ጀማሪ ረዳት ዲዛይነር እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበርና አመለከትኩ። የሰው ሱሪ ሳሳጥር፣ የሰው ዚፕ ስቀይር ማርጀቴ ነው እያልኩ ስነዘንዝህ ትዝ ይልሃል አይደል? ይህን ሥራ ካላገኘሁ እዚያው ዚፑ ጋ ቀረሁ ማለት ነው። ያን ያህል ፈልጌዋለሁ። ደውለው ንድፎችሽን ይዘሽ ነይ፣ ደግሞ ከንድፉ እስከ ስፌቱ በራስሽ እጅ ያለቀ አንድ ልብስ አምጪ አሉኝ። ቁም ሣጥኔን ከፈትኩ። የሠራሁት ሁሉ ተሸጧል፤ የቀረው ያንተ ኮት ብቻ ነው። ስትሄድ ትተኸው የሄድከው ረስተኸው ነው ወይስ ልትመለስ ኖሯል እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤበት ነበር። መልሱን እህትህ አመጣችልኝ። ብቻ አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት።

ተራ የሚጠብቁት ልጆች ሁሉ ላፕቶፕ ታቅፈዋል፤ እኔ ፌስታሌን ታቅፌያለሁ። አጠገቤ ያለችው ጥፍሯን ትበላለች። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ አንዴ ለውሃ፣ አንዴ ለሽንት ቤት፣ አንዴ ደግሞ ለምንም እየተነሳሁ የበሩን ጥበቃ አሰለቸኋቸው። በመጨረሻ ልጄ፣ የመጣሽው ሥራ ልትቀጠሪ ነው ወይስ ወለላችንን ልትለኪ አሉኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ውስጥ የጠበቁኝ ዋናዋ ዲዛይነርና ጨርቅ ቆራጩ ናቸው። ሴትየዋ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ጠረጴዛው ላይ የምትፈልግ ዓይነት ናት። ንድፎቼን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና ደስ አላት፤ ከፊቷ ያስታውቃል። ኮቱን ግን ጭንቅላት ለሌለው የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ስታለብሰው ግራ ትከሻው ተነስቶ ቆመ። ይሄ ኮትሽ ዘመም ብሏል አለች። ቆራጩም ራሱን ነቀነቀ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ ኮቱ አልዘመመም፣ አሻንጉሊታችሁ ነው ቀጥ ያለው አልኳቸው።

ከዚያ ምላሴ ተፈታ። ሰውየው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ ጎን እየተሸከመ ግራ ትከሻው ወርዷል፣ በዚያ በኩል የትከሻውን ስፖንጅ ደርቤለታለሁ፣ ሲለብሰው እኩል ይሆናል፣ ማንም አያውቅበትም አልኩ። ስለካህ እንደ ወታደር ቀጥ ትልብኝ እንደነበር፣ ወሬ አስጀምሬህ ስትዘናጋ ብቻ እለካህ እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም። ይሄ የሥራ ጥያቄ አይደለም።

ዲዛይነሯ ሰምታኝ ስትጨርስ፣ አንድን ሰው ማልበስ ትችያለሽ፣ እኛ ግን የምንሰፋው ለማናውቀው ሰው ነው አለችኝ። ምላጭና ሁለት እኩል ስፖንጅ ሰጠችኝ። ትከሻውን ተርትረሽ ለአሻንጉሊቱ ልክ አድርጊው፣ ፈተናሽ ይሄ ነው አለች።

ምላጩን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ለእህትህ እሺ ብያታለሁ። ለአሻንጉሊቱ ካስተካከልኩት ደግሞ ኮቱ ላንተ አይሆንም፤ ትከሻህ ያስታውቃል። ሥራው ግን እዚያው ፊቴ ነበር። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ሥራውን መረጥኩ። ተረተርኩት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መርፌው እየወደቀብኝ ከወለል ስለቅም ቆየሁ። እንደምንም ሰፋሁት፣ ገበሩን መለስኩ፣ ተኮስኩት፣ አለበስኩት። ግራ ትከሻው ተነስቶ ቆመ።

ቆራጩ ሳቁን መያዝ አቃተው። ገበሩን ከፍተው ቢያዩ፣ ያወጣሁትን ስፖንጅ መልሼ በግራ በኩል ደርቤዋለሁ። እመነኝ፣ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ የሚባለው ለኔ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚያ ግን አላለቀስኩም፤ ያለቀስኩት ኋላ መንገድ ላይ ነው።

ሴትየዋ መነጽሯን አውርዳ ትኩር ብላ አየችኝ። ሰውየው ምንሽ ነው አለችኝ። ደንበኛዬ ነው አልኳት። ከዚያ ኮቱን ራሷ አጣጥፋ ሰጠችኝና፣ እጅሽ ጥሩ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ሌላ ፈተና እሰጥሻለሁ፣ ሰውየውን ግን ቤት ትተሽው ነይ አለችኝ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው የማልቀመጠው። ቤት ትተሽው ነይ ማለት ለሷ ቀላል ነው። አንተ የጠገንከው ማብሪያ ማጥፊያ እዚህ አለ፤ ስትገባ ግንባርህን የምትመታበት ጉበን እዚህ አለ፤ የት ነው የምተውህ? ስለዚህ ኮቱን ከነስፖንጁ ልኬልሃለሁ። ስለጠየቅኸኝ ብቻ አይምሰልህ፤ ሰኞ ቁም ሣጥኔን ስከፍት እንዳላየው ብዬ ነው። የእሑዱ ሠርግ ያንተ ነው፤ ሰኞ ደግሞ የኔ ይሁን።

ተኩሼዋለሁና ካውያ እንዳታስነካው፣ ታቃጥለዋለህ። ደግሞ ግራ ትከሻው ሁለቴ ተሰፍቶ ጨርቁ ሳስቷል። ክንድህን ይዛ የምትሄደውን በቀኝ በኩል ሁኚ በላት።

ፈጣሪ ያሰብከውን ያሳምርልህ። እናትህን በጤና ያቆይልህ። ለኔም ሰኞን እንዲያቀናልኝ አንድ ቃል ጸልይልኝ።

ልብስ ሰፊህ