አልጠፋ ያለችው መኪናና የሸጌ ዓይን

ኅዳር 18
ሩዝ ወደ ወረታ ሳመላልስ ዋልኩ። ባለቤቴን ሸጌንም ከእህቷ ቤት ይዣት መጣሁ፤ ከፊት ብርሃኑ ያጭበረብራታልና ከኋላ፣ ከጆንያው ጎን። ቤት ደርሼ ቁልፉን አዞርኩ… ሞተሩ ዝም አይልም። ነቀልኩት። ቁልፉ እጄ ላይ፣ መኪናዋ ትጮኻለች! ምን ጉድ ነው? ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሬን ረግጬ፣ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተንዘፍዝፋ ጠፋች።
ሸጌ አንድ ነገር አለችኝ። እሺ አልኳት።

ኅዳር 19
ባለቤቴ ዛሬም ባሕር ዳር አልሄድም አለች። የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ተብሏል። «ያለችኝን ብልጭታ ቢያጠፉብኝስ?»
ጠዋት የተሰቀለ ጋቢዬን ሰው መስሏት እንደምን አደሩ አለችው። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ኅዳር 20
መካኒኩ ያየህ ኮፈኑን ከፍቶ «የናፍጣ ፖምፓው ይፈታ፣ ጋሼ ዘሩ» አለ። ቆይ አልኩት። ይቺን መኪና የሚያጠፋት አየር ነው። ቁልፉ ሲዞር በቀጭን ጎማ ቱቦ ይሳብና ናፍጣውን ይዘጋል። የበሮቹ መቆለፊያም ከዚያው ቅርንጫፍ ነው። አንዱ ቱቦ ከተነፈሰ ሁሉም ይደክማል።
ወደ በሮቹ የሚሄደውን ቆንጥጬ ያዝኩት። «አዙር!» ቀጥ አለች። «ወይ ጋሼ!» አለ ያየህ።
ግን ከአራቱ በሮች የትኛው? ያየህ ሥራ በዝቶበት ነበር፤ ራሴ አገኘዋለሁ ብዬ ይዣት መጣሁ። ሲተነፍስ ይሰማል ብዬ ጆሮዬን በየበሩ ለጠፍኩ። ምንም።

ኅዳር 21
ጽዮን ማርያም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መኪናዋ አሁንም አልጠፋም አለች። ቄስ አንለይ የሆነ ነገር ተናገሩ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
«ምን አሉ?» አለችኝ ሸጌ። የኋላውን በር ከፈትኩላት።
«አልሰማህም አይደል? መኪናዋም ልታስቀድስ ነው ወይ ነው ያሉህ።» ቀጠለች፦ «ከዚህ በር ውስጥስ ሽ… የሚለው? የሩዙ ዕለት ነገርኩህ እኮ። እሺ አልከኝ።»
አልሰማሁትም ነበር። አሁንም አልሰማውም። ሁለት ዓመት ይሆነዋል… ሹፌር ጆሮው ደከመ ከተባለ ማን አብሮት ይሳፈራል? ሸሸግሁ። እሷን ግን ታከሚ፣ ታከሚ እያልኩ ስነዘንዛት ከረምኩ። አፈርኩ። አላፌዘችብኝም።

ኅዳር 22
የኋላውን የግራ በር ፈታሁት። የፈሰሰ ሩዝ፣ የአይጥ ጎጆ። ቱቦው ተበልቷል። እንግዲህ እንዲህ የሚያጋጥመው ሩዝ በወንበር ላይ የሚጭን የፎገራ ሰው ብቻ ነው! ሸጌ በጣቷ ዳብሳ ቀዳዳውን ቀድማኝ አገኘችው። ቆርጬ በአዲስ ቀጠልኩት። ቁልፉን አዞርኩ… ቀጥ!
«አሁን የኔን ስማ» አለች፣ ጮክ ብላ። «አንተ ጆሮህን ከታየህ እኔም ዓይኔን እታያለሁ። ባንድ ቀን፣ አብረን።»
እሺ አልኳት። ይኸኛውን ሰምቼ ነው።

ታኅሣሥ 4
ባሕር ዳር። የኔ ጆሮ አይድንም፣ የመስሚያ መሣሪያ ሰጡኝ። የሷ ዓይን ተሠርቶ ታሽጓል። ቢበላሽስ? የገፋፋኋት እኔ… እጇን ይዤ ተቀምጫለሁ። ፈርቻለሁ።

ታኅሣሥ 5
ፋሻው ተነሣ። ትክ ብላ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ… ሸብተሃል እኮ!»
ሐኪሙ ፊት አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 12
ይህን ስጽፍ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሸጌ ናት። ደብተሩን ልከድነው ስል እጄን ያዘችኝ።
«ተው እስቲ። ይቺ ስሜ አይደለችም?» በጣቷ ነካቻት። ወረቀቱን ገልጣ ሌላ አገኘች። ሌላም። ሌላም።
«አንተ… ስንት ቦታ ነው የጻፍከኝ!»