ጊዜው ያለፈበት የማን ምስክር ወረቀት ነው?

ለጤና ጣቢያችን የኮምፒውተርና ኔትወርክ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቢሮዎ በር ከተቆለፈ ሦስት ሳምንት ስላለፈው በአካል ቀርበን ለመጠየቅ አልታደልንም። ቢሆንም የማቀዝቀዣው ድምፅ ከውስጥ ስለሚሰማ በሕይወት መኖርዎን ተረድተን ተጽናንተናል። እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋም ይህችን ደብዳቤ አላፊ አግዳሚው እንዲያነባት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌያታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፕሮክሲዎ ከልብ እናመሰግናለን። ከእኛ ኮምፒውተር ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ሁሉ እርስዎ ክፍል በተቀመጠችው በዚህች ማሽን በኩል እንዲያልፍ አዘዙ፤ እሷም የታሸገውን ከፍታ፣ አይታ፣ በራሷ ማኅተም መልሳ እያሸገች ትሰጠናለች። ይሁን ግድ የለም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን የትኛውንም ድረ ገጽ ስንከፍት ብራውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ እንዳልሆነና የምስክር ወረቀቱ ጊዜው እንዳለፈበት በቀይ ይጽፍልናል። እርስዎም «ለማንኛውም ቀጥል» የሚለውን እንድንጫን የሚያዝ ወረቀት በየግድግዳው አስለጠፉልን። አቤት መፍትሔ!

ሁለተኛ፣ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ሆስፒታል ስትላክ አልጋ የሚያዝበት ድረ ገጽ «ቀጥል» የሚል ቁልፍ እንኳ የለውም፤ ጭራሽ አይከፈትም። ስለዚህ ሃያ ስድስት ዓመት ያዋለዱት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አዋላጃችን፣ ብራውዘሩ ያለውን ቃል በቃል ገልብጠው «የምስክር ወረቀቱ ጊዜው አልፎበታልና ይታደስልን» ሲሉ አመለከቱ። ክፍልዎ ከርዕሱ በታች ማንበብ ስለሚያደክመው ጉዳዩ እንደማይመለከተው ገልጾ፣ በእርስዎ ፊርማ ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር መራው። ሰው ኃይልም ያለፈበት የእትዬ የሙያ ምስክር ወረቀት መስሎት፣ አሳድሰው እስኪያመጡ ድረስ ከሥራ አገዳቸው። ይኸው አሥራ አንድ ቀናቸው። ወረቀታቸው ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል ብለን ብንጮህ ሰሚ ጠፋ፤ እሳቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ፣ ማዋለጃ ክፍሉ ተቆልፏል። ኧረ ያሳፍራል!

ሦስተኛ፣ ቁጥሩም ሰለቸኝ እንጂ፣ የላኩልን ቴክኒሽያን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ፣ ሰዓቱን ነካካ፣ ኪቦርዱን እፍ እፍ አለና ችግሩ የእኛ አያያዝ መሆኑን መዝግቦ ሄደ። እሱ ሲሄድ እኔ መሃይሟ ያንኑ ድረ ገጽ በገዛ ስልኬ ዳታ ብከፍተው ወለል ብሎ ተከፈተ። ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሼ ማስጠንቀቂያው ሥር ያለውን ዝርዝር ብነካ ደግሞ፣ ጊዜው ያለፈበት የፕሮክሲዋ ምስክር ወረቀት፣ ማለትም የዚያ ማኅተሟ ማረጋገጫ፣ ሆኖ አገኘሁት። ሰጪው በሚለው ቦታ የእርስዎ ሙሉ ስም ከነማዕረጉ ሰፍሯል። ጉድ ነው መቼም!

እንግዲህ ምስክር ወረቀቱ ያለፈበት ይታገድ ከተባለ ማን ቤቱ መቀመጥ እንዳለበት ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። እኛ የምንለምነው የፕሮክሲዋን ወረቀት እንዲያድሱና እትዬን ባሳገደችው በዚያችው ፊርማ እንዲመልሱልን ብቻ ነው።

ሳያነቡ መፈረም የማይደክመው ክንድዎን ብርታት አይንሳው እያልኩ፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ወር መስኮቴ ላይ ቆመው፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ ልጅዎ የምትወልደው በእትዬ እጅ ካልሆነ በማንም እንደማይሆን አደራ ብለውኝ ነበር። ቀኗም የፊታችን ሳምንት ነው ብለዋል። ይዘዋት ሲመጡ ማዋለጃ ክፍሉን ተቆልፎ፣ የሆስፒታሉንም አልጋ የሚይዝላት ድረ ገጽ አልከፈት ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ከግድግዳው ላይ የራስዎን ወረቀት ያንብቡና «ለማንኛውም ቀጥል» የሚለውን ይጫኑ።