ለማኅደር ብስክሌት የተዋጣው

ደሴዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህ ካለፈ ወዲህ ሰው ስምህን በፊቴ መጥራት ትቷል፤ እንዳላለቅስ ብለው ነው። እኔ ግን ለማልቀስም ደክሞኛል። ከቢሮ እመለስና ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ተነሥቼ ራት እስክሠራ ብዙ ይቆያል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ዝናቡም አላስወጣ አለኝ። ክረምቱን የሆነውን ልንገርህ ብዬ ወረቀት ያዝሁ።

ቤቱ እንደ ተውኸው አይደለም። በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ለአንዲት ነርስ አከራየሁት፤ መጻሕፍትህ ወደ መኝታ ቤት ገቡና መተላለፊያ አሳጡን። ኮትህን ለታናሽህ ለምስጋናው ሰጠሁት። ትከሻው ላይ ይሰፋዋል፣ ግን ይለብሰዋል። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ አፍርቶ ማኅደር ለጎረቤት አደለችው።

ልጅህ ስምንተኛን አለፈች። «ካለፍሽ ብስክሌት እገዛልሻለሁ» ያልሃትን አንድም ቀን አላነሣችብኝም። እኔም ዝም አልሁ፤ ደመወዜ ወሩን አያደርሰኝም። ያነሣው ምስጋናው ነው። ቃል የገባህላት ፋሲካ አብሮን ማዕድ ላይ ነበርና አልረሳውም። ከባሕር ዳር ደውሎ፣ «ሰብልዬ፣ የወንድሜ ቃል መሬት አይወድቅም፤ ዘመዱን ሁሉ በስልክ እሰበስበዋለሁ» አለኝ። «ተው፣ ይቅር» ማለት ነበረብኝ። ለመከራከርም አቅም አጣሁና «እንዳልህ» አልሁት።

በዚያው ቀን ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተ፤ ስሙንም «የማኅደር ብስክሌት» አለው። የአዲስ አበባው፣ የደምበጫው፣ የአዴቱ ዘመድ ሁሉ ገባ፤ ዱባይ ያለችው የአክስትህ ልጅ እንኳ አልቀረችም። ኔትወርኩን ታውቀዋለህ፣ ይመጣል ይሄዳል። በመጣ ጊዜ የሰነበተው መልእክት በአንዴ ይዘንብብኛል። ገንዘብ የላከው የላከበትን ማስረጃ ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጣል፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እላለሁ። ያልላከው የተጋጠሙ እጆች ሥዕል ይልካል፤ ለእርሱም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እላለሁ። የደምበጫው መምህር ዘመድህ ጥቂት ልኮ «ትንሽ ናት፤ ገበናዬን ሸፍኑልኝ» ብሎ ጻፈ። ቢሮ ውስጥ አነበብሁትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። መቀበል እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

ከዚያ የአጎትህ ልጅ የበላይነህ የድምፅ መልእክት መጣ። አዲስ አበባ ሆኖ፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ ነው የተናገረው። «መዋጮ ለለቅሶ ነው፣ ለሕመም ነው። ለመጫወቻ መዋጮ የት አገር ነው ያለው? ደሴ በሕይወቱ ለምኖ አያውቅም፤ እርሱ ቢኖር በዚህ ያፍር ነበር።»

ከእኔ በፊት የሰማችው ማኅደር ናት፤ ስልኬ በእጇ ነበር። ራት አልበላችም፣ እኔም ጥርስ አሟት ይሆናል ብዬ ተውኋት። በማግሥቱ ቢሮ ደርሼ ስልኩን ስከፍት የላከችውን አገኘሁ። «እኔ ማኅደር ነኝ። ብስክሌት አልፈልግም። ለሁላችሁም ገንዘባችሁ ይመለስላችሁ። አባቴን ግን ተዉት።»

ከሥራ ስመለስ ዩኒፎርሟን ስታጥብ አገኘኋት። ቀና ሳትል፣ «እማ፣ አባዬ እውነት ያፍር ነበር?» አለችኝ።

«አያፍርም» አልኋት። ድምፄ ግን አልጸናም፤ እርሷም ሰማችው። ይቅር በለኝ ደሴ። ከጎረቤት ጨው መበደር የሚከብድህ ሰው ነበርህ፤ ምናልባት ያፍር ነበር ብዬ በልቤ ጠርጥሬሃለሁ።

ታላቅ እኅትህ እትዬ ጥሩወርቅ ከተዝካርህ ወዲህ ደጄን ረግጠው አያውቁም ነበር። ድግሱን ስላሳነስሁት፣ «ወንድሜን እንደ መንገደኛ ሸኘሽው» ብለው እህል ሳይቀምሱ ነበር የሄዱት። የእርሳቸው ስልክ የአዝራር ነውና ግሩፑ ውስጥ ያስገባቸው አልነበረም። ወሬውን የሰሙት ቡሬ ገበያ በርበሬ ሲሸጡ ነው። ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተ ቀን የመጀመሪያውን መኪና ይዘው መጡ። ነጠላቸው በዝናብ ርሶ በሩ ላይ ቆሙና፣ «የአዝራር ስልክ ያለው ዘመድ ዘመድ አይደለም?» አሉኝ።

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው አነሡኝ። ፊቴን ትንሽ አዩትና «ከስተሻል» አሉ። ሌላ ነገር አላነሡም። ማኅደርን ጠርተው የበላይነህን ድምፅ እንድታሰማቸው አዘዟት። አንዴ ሰሙት። «ድገሚው» አሉ።

«ደሴ ለምኖ አያውቅም አለ? እውነቱን ነው፣ እርሱ አልለመነም። የለመንንለት እኛ ነን።»

ከዚያ የነገሩንን አንተ አንድም ቀን አልነገርኸኝም። ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ስትል ቡሬ ተቀምጠህ ለመማር ለቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ከቤታችሁ አልተገኘም። አባታችሁ በሚካኤል ማኅበር ቀን፣ ጠበሉ ከተቀመሰ በኋላ፣ ከሰው መካከል ተነሥተው ኮፍያቸውን አወለቁና «ልጄ ትምህርት ይወዳል» ብለው ቆሙ። ከየቤቱ አንድም ሁለትም ቁና በርበሬ ተዋጣ። ተሸክመው ገበያ ያወጡት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ዓይናቸው እየነደደ፣ እያስነጠሳቸው። ከኪራዩ በተረፈው ጫማ ገዙልህ።

ወደ ማኅደር ዞረው፣ «አባትሽ በዚያ ጫማ አላፈረም፤ ሶሉ እስኪበሳ አደረገው። መስጠት ለማንም አይከብድም ልጄ። ልብ የሚጠይቀው መቀበል ነው» አሏት። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የቋጠሩትን መዳፏ ላይ አደረጉት። ማኅደር ገንዘቡን አላየችውም፤ የአክስቷን ፊት ነበር የምታየው።

ቀጥለው ስልኩን አስከፈቱኝ። ወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩ ሆነው ጮክ ብለው ተናገሩ። «ጥሩወርቅ ነኝ። በላይነህ፣ ነፍሱን ይማረውና አባትህ ለደሴ ሁለት ቁና በርበሬ ሰጥቶ ነበር። አንተ አንዱን ብትሰጥ ይበቃናል። ካልሆነም ዝም ማለት ይቻላል፤ እርሱም መዋጮ ነው።»

ደሴ፣ ከሞትህ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። እርሳቸውም እየሳቁ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። የሠራሁትን ሽሮ በልተው፣ ከማኅደር ጋር አንድ አልጋ ላይ አደሩ። በማግሥቱ ልጅህ ጻፈች። «እኔ ማኅደር ነኝ። እቀበላለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» በላይነህ አመሻሹ ላይ ከግሩፑ ወጣ። አልፈረድሁበትም፤ እርሱም ስለ አባቱ ያልተነገረው ነገር ኖሯል።

ብስክሌቱ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጣ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ መቀመጫው ተጣሞ። ማኅደር ቁልቁለቱ ላይ ሁለቴ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ነርሷ ቁስሏን በፋሻ አሰረችላት፣ እርሷም ወዲያው ተመልሳ ወጣች። አሁን ትነዳለች። ከእግረኛ ጋር እንዳትጋጭ እየጮኸች ስታልፍ ከቢሮዬ እሰማታለሁ።

እኔ ግን እንደ ደከምሁ ነኝ፤ አልዋሽህም። ብስክሌት ድካም አያነሣም። አንድ ነገር ግን ያስተክዘኛል፦ አሥራ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ ያን ጫማ አላውቀውም ነበር። ለምን ደበቅኸኝ? ወይስ አልጠየቅሁህም? ስትኖር ጊዜ ያለን መስሎን የደመወዝ፣ የጤፍ፣ የጣሪያ ነገር ስናወራ መሸብን።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲከፈት ወደ ቡሬ እወርዳለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ በርበሬ እየቀነጠሱ ያወሩልኛል፣ አብሬ እየቀነጠስሁ እሰማለሁ። ወንዝ ሊወስድህ የነበረውን ቀን ነገሩኝ። ቅኔ ቤት ሊያስገቡህ ሲሉ የሸሸኸውን ነገሩኝ። ገና ብዙ አላቸው፤ እርሳቸውም አርጅተዋል፣ እቸኩላለሁ።

ነፍስህን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፋት። የማውቀውን ደሴ አልረሳውም። የማላውቀውን ደሴም ከሚያውቁት እየጠየቅሁ፣ ለልጅህ እየነገርሁ፣ አስታውስሃለሁ።

ሰብለ